ወጥ ቤቱን የበላው ደረጃ

ደርቤ ዕድሜውን ያሳለፈው ስሜን ተራራ፣ ሳንቃ በር በሚባለው ቦታ ለቱሪስት ምግብ ሲያበስል ነው። ድስቱንና ጓዙን በበቅሎ አስጭኖ ከደባርቅ ይወጣል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ነፋሱ እሳቱን እያንከራተተ ሲያስቸግረው ጋቢውን ዘርግቶ እየከለለ ሾርባውን ይሠራል። አንዷ ፈረንጅ ሥጋ አልበላም ስትለው "እሺ"፣ ሌላው ሽንኩርት አይስማማኝም ሲለው "እሺ"፣ አንዱ ደግሞ ሜዳው በውርጭ ነጭ በሆነበት ማለዳ በረዶ የገባበት ሻይ ቢጠይቀው አሁንም "እሺ" ብሎ ከድንኳኑ ጣራ ላይ ውርጩን ፍቆ ያቀረበ ሰው ነው። በዚህ ጠባዩ ተራራው ላይ የሚወደው እንጂ የሚጠላው አልነበረም። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ብቻ፣ "ይሄ ሰው እንቢ የሚለውን ቃል ሳይማር ነው ያረጀው" እያለች ታማዋለች፤ የምታማውም እዚያው ፊቱ ላይ ነው።

ቱሪስቱ ሲቀር፣ ጉልበቱም ዳገቱን እንቢ ሲለው፣ ደርቤ ወርዶ ደባርቅ ተቀመጠ። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ በሩ የሚዘጋ፣ ነፋስ የማይገባበት ወጥ ቤት። ያለችው የጭቃ ቤት አርጅታለች፤ ማብሰያዋም ከጎን የተለጠፈች ዳስ ስለሆነች የሰሜን ነፋስ እንደ ባለቤት እየገባ ይወጣባታል። በቅሎዎቹን ሸጠ፤ ጎንደር የምትሠራው ልጁ ጨመረችለት፤ አዲስ ቤት ለማሠራትም ኮንትራክተር መፈለግ ጀመረ።

የተገኘው ኮንትራክተር እንዳለው ይባላል። ስሙ እንዳለው ይሁን እንጂ እንዳለው አድርጎ አያውቅም፤ ይህን ግን ደርቤ ያወቀው ከረፈደ ነው። እንዳለው የዳባት ልጅ ነው፤ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። አንድም ቀን ራሱ ላይ ሲያደርጋት ያልታየች ብርቱካንማ የግንባታ ቆብ ከመኪናው መስታወት ሥር አስቀምጦ ይዞራል። ኢንጂነሪንግ መጀመሩን ብዙ ሰው ይመሰክርለታል። መጨረሱን የሚመሰክር ግን አልተገኘም።

"ጋሽ ደርቤ፣ ምን ዓይነት ቤት ነው የሚፈልጉት?" አለ መጀመሪያ የመጣ ቀን።

"ወጥ ቤት ያለው" አለ ደርቤ።

እንዳለው በትዕግሥት ፈገግ አለ። "ወጥ ቤትማ የትም አለ። እኔ የማወራዎት ስለ ዲዛይን ነው።" ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያቸው። ነጭ ቤት ነው፤ ፊቱ ላይ የቤተ መንግሥት የሚመስሉ ምሰሶዎች ተገትረዋል፤ ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው፤ በጓሮው ዘንባባ ቆሟል።

"ይሄ የት አገር ነው?" አለች ማንጠግቦሽ።

"ዱባይ።"

"ዱባይ ውርጭ ይወርዳል?"

"እትዬ፣ ስታይሉን ነው እንጂ አየሩን አላመጣው።"

ማንጠግቦሽ ወደ ባሏ ዞረች። ደርቤ ፎቶውን እያየ ነበር። በዚያ ሁሉ መስታወት ውስጥ ድስት የሚጣድበትን ቦታ ፈልጎ አጣው፤ ይህንኑ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና፣ "እሺ" አለ።

ሥራው ሲጀመር ጥሩ ነበር። እንዳለው የጭቃ ቤቷ ለዕይታ አትመችም ብሎ አስፈረሳትና ባልና ሚስቱ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጤናዬ ዘንድ ተጠጉ። መሠረቱ ወጣ፤ ብሎኬቱ ተደረደረ፤ ምሰሶዎቹ ከሁሉም ነገር በፊት ቆሙ። ደርቤ በየቀኑ እየሄደ ሠራተኞቹን ይቀልባል። እንዳለው ሲመጣማ ፓንኬክ ጠፍጥፎ ማር ያፈስበታል፤ በጾም ቀን የድንች ሾርባ አለ። እንዳለውም ሾርባውን ፉት እያለ፣ "ጋሽ ደርቤ፣ እንደ እርስዎ ያለ ደንበኛ አላየሁም" ይለዋል፤ እውነቱንም ነበር። የቤቱ ሥራ ቢዘገይም የእንዳለው ምሳ አንድ ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

አንድ ሰኞ ደርቤ ድስቱን ይዞ ሲደርስ ለወጥ ቤት በተከለለው ቦታ ላይ ትልቅ የሲሚንቶ ደረጃ ተሠርቶ አገኘ። ደረጃው ከወለሉ ተነሥቶ በኩራት ወደ ላይ ይወጣና የጣራው ቆርቆሮ ሥር ሲደርስ ያልቃል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"ደረጃ ነው" አለ እንዳለው። "ለፎቁ።"

"ለየትኛው ፎቅ?"

"ለወደፊቱ። ቤትዎ ጂ ፕላስ ዋን እንዲሆን አስቤ ነው። ደረጃውን አሁን ካላስገባነው ነገ ይቆጭዎታል።"

"ወጥ ቤቱስ?"

"እሷን ከኋላ እንለጥፋታለን።"

ከኋላ የምትለጠፍ ወጥ ቤት ምን እንደምትመስል ከደርቤ በላይ የሚያውቅ የለም። ደሙ ፈላ። ይህን አጥፋልኝ፣ ቦታዬን መልስልኝ ሊል ደረቱን ነፋ። እንዳለው ግን በዚያ ንጹሕ ፊቱ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ቆሞ ያየዋል፤ እንግዳ ነው፤ ምሳውንም ገና አልበላም። ደርቤ "እሺ" አለና ሳህን ፍለጋ ሄደ።

ደረጃው በሰፈሩ ስሙ ተጠራ። ሰው ለእሑድ ሽርሽር እየመጣ ይወጣው ጀመር፤ የወጣውም ሁሉ ራሱን በቆርቆሮ እየተመታ ይወርዳል። ወይዘሮ ጤናዬ ከታች ሆና አንጋጣ አይታው፣ "ያዕቆብ በሕልሙ ያየው ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀች። ማንጠግቦሽ ግን አልሳቀችም። ለባሏ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ያ ሰውዬ አንድ ቀን አንተንም ከኋላ ይለጥፍሃል።"

ከዚያ በኋላ እንዳለው ጠፋ። ስልኩ ይነሣል፤ መልሱ ግን "ዳባት ነኝ፣ እየመጣሁ ነው" ብቻ ነው። አንድ ሰሞን ሲሚንቶ ከገበያ ጠፋ አለ። ሲሚንቶው ሲመጣ መንገዱ ተዘጋ አለ። መንገዱ ሲከፈት ግንበኞቹ ለአጨዳ ወደየአገራቸው ሄዱ አለ። ወይዘሮ ጤናዬ በበኩሏ ልጇን ልትድር ስለሆነ ቤቷን ፈለገችው። ባልና ሚስቱ መስኮት የሌለው አዲሱ ቤታቸው ውስጥ ገቡ፤ በር የተገጠመላት አንዲት ክፍል ነበረችና እሷን መኝታ አደረጓት። ምግብ የሚበስለው በረንዳው ላይ፣ በምሰሶዎቹ መካከል ሆነ።

ታኅሣሥ ሲገባ አንድ ጠዋት ማንጠግቦሽ ሽሮ ልትሠራ ከሰሉን ብታያይዝ ነፋሱ አላስቆም አላት። ጭሱ ዓይኗን ሲለበልባት ፊቷን አዞረች። ደርቤ ተነሥቶ ጋቢውን እንደ መጋረጃ ዘርግቶ ቆመላት። እንደዚያ እንደቆመ ግን አንድ ነገር ወጋው፤ ያ ሁሉ ዓመት የሳንቃ በር ነፋስ ያልበቃው ይመስል አሁን ደግሞ ደጁ ላይ ተገትሮ እሳት ይከልላል። ማንጠግቦሽ ቀና ብላ አየችውና ምንም አላለችም። የእሷ ዝም ማለት ከነፋሱ ይልቅ አስፈራው። ሽሮውንም ሳይቀምስ ወደ መናኸሪያ ወረደ።

ወደ ዳባት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ "አይሆንም" የሚለውን ቃል ይለማመድ ጀመር። መጀመሪያ በከንፈሩ፣ ቀጥሎ በሹክሹክታ አለው፤ መንገድ ላይ ያለችውን የወቅንን ከተማ ሲቃረቡ ድምፁ ወጣለት። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት በዚያችው ቅጽበት፣ "አባቴ፣ መስኮቱን ትንሽ ልክፈተው?" ብላው ነበርና "አይሆንም" የሚለው ጩኸት ክው አደረጋት። ደርቤ አፍሮ፣ "ኧረ ይከፈት፣ እሺ፣ እኔ ልክፈትልሽ" ብሎ ራሱ ከፈተው። ዳባት እስኪደርሱም ብርዱ ፊቱን እየመታው ሄደ።

የእንዳለውን ቤት የጠየቀው ሁሉ አሳየው። ግንቡ ግማሽ ድረስ ቆሟል፤ ጣራው ባለበት ቦታ ሸራ ተወጥሯል፤ መስኮቱ ማዳበሪያ ነው። እንዳለው ብሎኬት ላይ ተቀምጦ፣ ጋቢ እስከ ጆሮው ተከናንቦ በስልክ ይለምናል።

"ገዱ፣ ቃል ገብተህልኛል እኮ። ዛሪማ ነኝ ካልከኝ ወር አለፈህ። ልጆቼ በብርድ አለቁ፣ ወንድሜ።"

የእንዳለው ሚስት ስጦታ ለደርቤ ወንበር አቀረበችና ነገሩን አስረዳችው። እንዳለው የሰው ሥራ ስለበዛበት የራሱን ቤት ገዱ ለሚባል ኮንትራክተር ሰጥቶ ነበር። ገዱም ቅድሚያ ክፍያውን ተቀብሎ፣ ምሳውን እየበላ ግንቡን እዚህ አድርሶ ተሰወረ።

እንዳለው ስልኩን ዘግቶ ደርቤን ሲያይ አልደነገጠም፤ የልቡን የሚያጫውተው ሰው ያገኘ ይመስል ነበር። "ጋሽ ደርቤ፣ ይሄ ኮንትራክተር የሚባል ሕዝብ እምነት የለውም" አለው። "ሰው እንዴት ቤት አፍርሶ ይጠፋል?"

ደርቤ በመንገዱ ሁሉ ያዘጋጀውን ንግግር ፈለገው፤ የለም። ልጆቹ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ስጦታ ትስላለች። አሁንም ያ የቆየ ጠባዩ ምላሱን ቀደመውና፣ "እንግዲህ ይሄ ብርድ እስኪያልፍ እኛ ዘንድ መጥታችሁ ብትቀመጡ ምን አለ?" አለ።

እንዳለው ፊቱ አመድ መሰለ። "ኧረ አይገባም፣ ጋሽ ደርቤ። እንዴት እናስቸግርዎታለን?"

ስጦታ ግን ቀና አለች። "ቤትዎ ጣራ አለው?"

"ጣራስ አለው።"

"ማነው የሠራው?"

ደርቤ እንዳለውን አየ። እንዳለው መሬቱን አየ። ስጦታ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ ፍራሹን ጠቅልላ በገመድ ማሰር ጀመረች።

ማንጠግቦሽ ባሏ ዕዳ ሊያስመልስ ሄዶ የባለዕዳውን ሚስትና ልጆች ከነፍራሻቸው ይዞ ሲመጣ ስታይ ተቀመጠች። ልጆቹ ሲንቀጠቀጡ ግን ተነሥታ ያለችውን ክፍል ለቀቀችላቸው። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ ሴቶች በምሰሶዎቹ መካከል ከሰሉ ላይ አጎነበሱ፤ ጭሱ እኩል አስለቀሳቸው።

"እትዬ፣ ወጥ ቤቱ የት ነው?" አለች ስጦታ ዓይኗን እየጠረገች።

ማንጠግቦሽ በማማሰያው ደረጃውን አሳየቻት።

ስጦታ ነጠላዋን አጣፍታ ደረጃውን ወጣች። ጫፉ ላይ ስትደርስ አንገቷን ሰብራ በቆርቆሮው ሥር ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወርዳ ዳባት ለቀረው ባሏ ደወለች።

"ዳባት ነኝ፣ እየመጣሁ ነው" አለ እንዳለው፣ ከልማድ።

"አውቃለሁ ዳባት እንደሆንክ። እኔ ደባርቅ ነኝ" አለችው። "ሚስት የምትፈልግ ከሆነ እዚህ ናት፤ ወጥ ቤት ግን የላትም።"

እንዳለው በዚያው ዕለት መጣ። ደባርቅ ውስጥ የለም ሲባል የከረመው ሲሚንቶ ከሰዓት በኋላ ተገኘ። ለአጨዳ የሄዱት ግንበኞች ለካስ ከመናኸሪያው ጀርባ ጠጅ ቤት ነበሩ። የዱባዩ መስታወት ቀርቶ መስኮቶቹ በብሎኬት ጠበቡ፤ ስጦታ ልጆቿን ብርድ ሊያስመታባት የነበረው ዲዛይነር ማን እንደሆነ ደጋግማ ትጠይቅ ነበር፤ እንዳለውም "ያኔ የነበረው ፎርማን ነው" ይላል። ደረጃውን ያፈረሰው ራሱ ነው፤ ያቺን ብርቱካንማ ቆብ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ላይ አድርጎ በመዶሻ ሲወግር ዋለ። ሰፈርተኛው ቆሞ ተመለከተ፤ አንዳንዱም ከልቡ አዘነ። በሦስተኛው ሳምንት ወጥ ቤቱ በር ተገጠመለት። ደርቤ ገብቶ ዘጋው፤ ምድጃውን ለኮሰ፤ እሳቱም ቀጥ ብሎ ቆመ። ሲያየው ቆይቶ ጋቢውን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ።

ምሰሶዎቹ አልፈረሱም፤ ማንጠግቦሽ የልብስ ገመድ አስራባቸዋለች። ገዱ አሁንም ዛሪማ ስለሆነ የእንዳለው ቤተሰብም እስካሁን ያለው እዚያው ደርቤ ቤት ነው።

በቅርቡ እንዳለው መሪጌታ ወልደ ገብርኤል የተባሉ፣ ቤት ሊያሠሩ ያሰቡ የዳባት ሰው ቤቱን ሊያሳያቸው ይዞ መጣ። "የወጥ ቤቱን ቦታ ከመጀመሪያው አስቤ የተውኩት ነው" እያለ አስጎበኛቸው። እሱ ስልክ ሊያነሣ ሲወጣ መሪጌታ ወደ ደርቤ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ሰው ሥራ ይችላል?"

ደርቤ የምስር ሾርባውን አማሰለ። መቼም ሰው በሰው እንጀራ አይገባም፤ ሽማግሌ ሲጠይቅ ደግሞ አይዋሽም።

"ሥራውን ይችላል" አለ። "ውሉን ግን ከሚስቱ ጋር ይዋዋሉ።"

"እሷም ኢንጂነር ናት?"

"የለም። ብርድ አትወድም።"

መሪጌታ ጺማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ዓይናቸው በበሩ አልፎ በረንዳው ላይ ዐረፈ።

"ነገሩስ ገብቶኛል" አሉ። "ግን እነዚያን ምሰሶዎች ለእኔም ያደርግልኛል?"

ደርቤ ሾርባውን ቀድቶ አቀረበላቸው።