የሙታን ጠበቃ

ያላየሁትን አላምንም የምል ሰው ነኝ። ስለዚህ ጎንደር ከተማ ውስጥ የሙታን ጠበቃ የሚሉት ሰው አለ ሲሉኝ መጀመሪያ ሣቅሁ። ጣልያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ የከተማው ወሬ ማለቂያ አልነበረውም። የሟች ነገር ያለበት ሙግት ካልሆነ አይዝም፣ መቃብር ድረስ ሄዶ ከሟቹ ውክልና ሳይቀበል ችሎት አይቆምም ይሉታል። ደንበኞቹ ከመቃብር ተነሥተው በጠራራ ፀሐይ ቤቱ ድረስ ይመጣሉ የሚሉም ነበሩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሣቄን ዋጥ አድርጌ፣ ልጄን አዝዬ ከደንብያ ተነሣሁ።

የጨነቀኝ ነገር ይህ ነው። ባሌ እህል ጭኖ ቆላ በወረደበት ወባ ያዘው። ሲመለስ መንገድ ላይ፣ ቄስ በሌለበት፣ በታናሽ ወንድሙ ክንድ ላይ አረፈ። መፀነሴን ከባሌ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሬሳውን ተሸክሞ ያመጣው፣ ደረቱን እየደቃ የቀበረው ያው ወንድሙ፣ ዋርሳዬ ነው። ዛሬ እሱም አልፏል፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ልጄ ስትወለድ ግን "ይቺ የወንድሜ አይደለችም" ብሎ ርስቱን ያዘ። ርስቱስ ይሁን። ልጄ ዲቃላ እየተባለች ማደጓን ሳስብ ነው አንጀቴ የሚቃጠለው።

ጠበቃው ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ነገሬን በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ባልሽ ሲሞት ከወንድሙ ሌላ ሰው ነበር?"

"ማንም አልነበረም፣ ጌታዬ።"

"ሟቹ ነበር እንጂ። እሱ ይመስክርልሽ" አሉኝ።

የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም።

ክሴ የቀረበለት ዳኛ ነገሩን መጀመሪያ ሽማግሌ ይየው ብሎ ነበርና፣ ጠበቃው ሽማግሌዎቹ ባሌ መቃብር አጠገብ እንዲቀመጡ አስፈቀዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። በአገራችን ወንድ ልጅ ታላቁ ፊት ሲቆም ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያደገድጋል። ዋርሳዬ ያን ቀን ለሽማግሌዎቹ እንኳ አላደገደገም፤ እስከ አገጩ ተከናንቦ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ጠበቃው በቀኛቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ተዉ። "ይህ የደንበኛዬ ነው፤ እንዳትቆሙበት" አሉ።

"ኧረ ምነው ሙት ባታውኩ!" ብለው አንዱ ሽማግሌ አማተቡ።

ጠበቃው ባርኔጣቸውን አውልቀው ለባዶው ቦታ እጅ ነሡ። ከዚያ ዘንጋቸውን ወደ ዋርሳዬ ቀስረው "ተጠየቅ!" አሉ።

"ልጠየቅ!" አለ ዋርሳዬ፣ እንደ ሙግቱ ደንብ፣ ግን በንቀት።

"ወንድምህ በክንድህ ላይ ሳለ ስለ ሚስቱ ምን አለህ? የምጠይቅህ እኔ አይደለሁም። ለእሱ መልስለት።"

ዋርሳዬ መጀመሪያ መቃብሩን አየ። ከዚያ ዓይኑ ቀስ እያለ ከፍ አለ፤ ባዶው ቦታ ላይ፣ ልክ የባሌ ፊት ይሆን የነበረበት ላይ ሲደርስ ቆመ። ባሌ ረጅም ነበር። ዋርሳዬ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፤ አደገደገ። ያኔ ሽማግሌዎቹ፣ ተነሡ ያላቸው ሳይኖር፣ ሰው ሲገባ እንደሚደረገው ሁሉም ብድግ አሉ። እንዲህ ያለ ፍርሃት፣ እንዲህም ያለ ደስታ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

"አያ" አለ ዋርሳዬ። "አያ፣ እውነትህን ነው። 'ሚስቴ ፀንሳለች፤ የሚወለደውን አደራ' ብለኸኛል። እሺም ብዬህ ነበር። መሬቱ አጓጓኝ። ማረኝ፣ አያ።"

ቀጥሎ ወደ እኔ መጥቶ ልጄን ከጀርባዬ ተቀበለኝና "የወንድሜ ልጅ" እያለ ጉንጯን ሳማት። ሽማግሌዎቹም የማን ልጅ እንደሆነች እዚያው ቆመው መሰከሩላት።

እኔ ግን ሣሩን እንጂ ምንም አላየሁም። ሰው ሲበተን ጠበቃውን ተከትዬ ካፖርታቸውን ያዝኋቸው።

"ጌታዬ፣ አይተውታል?"

"አየሁት።"

"ታዲያ እኔ ምነው ሳላየው? ከሁሉ የናፈቅሁት እኔ አይደለሁም?"

ባርኔጣቸውን ደፉ።

"ልጄ፣ እነሱ የሚመጡት ሙግት ያላቸው ሰው ዘንድ ነው" አሉኝ። "ካንቺ ጋር ሙግት የለውም።"

ባሌ ከሞተ ወዲህ ደኅና አድርጌ ያለቀስሁት ያን ቀን ነው።