በአቶ ወንድወሰን ስም የተያዘው ፋይል

ዙቤይዳ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል። ጮክ ብላ ስትናገር የሚፈራት የለም፤ ቃል እየመረጠች ቀስ ብላ ማውራት ስትጀምር ግን የሚያውቋት ሁሉ ከአጠገቧ ዞር ዞር ይላሉ። ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን በሠራችባቸው ዓመታት እንዲያ ሳታወራ ያለፈ ሳምንት መኖሩ ያጠራጥራል። የመርካቶው ልብስ ሰፊ የቲጃኒ ልጅ ናት። አባቷ ለዒድ የሚለበስ ልብስ ተቀብሎ «ነገ ና» እያለ ደንበኛ ሲያመላልስ እያየች ስላደገች፣ «ነገ» የሚል ሰው ፊት ስትቆም ደሟ ይፈላል። ይቺን የመሰለች ልጅ ወስዶ መሥሪያ ቤት ማስቀመጥ ግፍ ነው።

በደብዳቤ ላይ «የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ» ትባላለች። ክፍሉም ኃላፊውም እሷ ነበረች፤ ከእሷ ሌላ ያለው አንድ ሰርቨርና ሲዞር የሚንቋቋ ማራገቢያ ብቻ ነው። የአባል ማኅበራቱ የቡና መረጃ በሙሉ እዚያ ሰርቨር ላይ በአንድ ፋይል ተቀምጧል። የቡ እና ሰቃ በሚባሉት ትናንሽ ከተሞች ያሉት ሠራተኞች በየቢሯቸው ሆነው በኢንተርኔት ወደዚያው ሰርቨር ይገባሉ፤ ጅማ ዋናው ቢሮ ያሉትም እንደዚያው። ሁሉም የሚጽፉት በዚያው አንድ ፋይል ላይ ነው። ፋይሉን በአዲስ ለመተካት ሲፈለግ ታዲያ ሁሉም ከውስጡ መውጣት አለባቸው። አንድ ሰው እንኳ ከቀረ ሰርቨሩ «ፋይሉ ሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ ይላታል።

እነሱ ደግሞ አይወጡም። ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ሰው ውስን ስለሆነ፣ ጠዋት ቀድሞ የገባ ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲሄድም ለቅሶ ሊደርስ ሲወጣም በሥርዓቱ ዘግቶ አይሄድም። ጥጓ ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት ጠቅ ያደርግና መስኮቱን ብቻ ይዘጋል። ይህን ሲያደርግ ሰርቨሩ ሰውየውን ውስጥ እንዳለ ይቆጥረዋል፤ ቦታውም አይወሰድበትም። አውቶቡስ ወንበር ላይ ነጠላ ጥሎ ቁርስ ሊበላ እንደሚወርድ መንገደኛ መሆኑ ነው። ከሰቃ እየደወሉ «ዙቤይዳ፣ ወደ ገበያ ብቅ ልል ነው፤ ቦታዬን አደራ» የሚሏት ሁሉ ነበሩ። ስልጠና ሰጠች፤ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት፣ ከስልጠናው ሲወጡ ኤክሷን ተጭነው ወጡ። በየግድግዳው ማስታወቂያ ለጠፈች፤ የሰቃዎቹ ማስታወቂያው ላይ የስልክ ቁጥር ጻፉበት።

ተራ ሠራተኛ ሲሆን አታዝንለትም። ከራሷ ኮምፒውተር ስሙን መርጣ አንድ ጊዜ ጠቅ ስታደርግ ሰውየው ከሰርቨሩ ይወጣል። ይህን ስታደርግ ደስ ይላታል፤ ሲያጉረመርሙባት ደግሞ የበለጠ ደስ ይላታል። ማንም የማይነካው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የሥራ አስኪያጁ የአቶ ወንድወሰን።

አቶ ወንድወሰን ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠዋት ፋይሉን ከፍተው አንዴ ያዩታል፣ ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ይከፍቱና ይረሱታል፣ ከዚያም ወደ ስብሰባ ይሄዳሉ። ሳይወጡ ሳምንታት ያልፋሉ። ከዙቤይዳ በፊት በዚህ ክፍል ይሠራ የነበረው ደሬሳ አንድ ቀን አስወጣቸውና ጀምረውት የነበረ ንግግር ጠፋ። በቀጣዩ ግምገማ ደሬሳ «አመራርን የመናቅ ዝንባሌ» ተገኘበት ተባለ። ከዚያ መብራት ወዳልገባበት መጋዘን ተዛወረ። የኮምፒውተር ባለሙያ መብራት ወደሌለበት ቦታ! ይህን ያሰበው ሰው ማታ እንዴት እንቅልፍ እንደወሰደው እንጃ። ከዚያ ወዲህ ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ቢሆኑም፣ ቢታመሙም፣ ስማቸው ሰርቨሩ ላይ እንደ ቆመ ይቆያል፤ ሠራተኛው ባዶ ወንበራቸውን አልፎ ሲሄድ እንደሚያደርገው ስማቸውንም በጎን ያልፈዋል።

የየቡው የአባቦራ ነገር የመጣው በዚህ መካከል ነው። አባቦራ የአንድ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ሸምገል ያሉ፣ ቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቆመው የሚውሉ፣ አንድ የተሰነጠቀ ፍሬ ካዩ ለቅመው የሚያወጡ ሰው። በዚያ ዓመት የማኅበራቸው ቡና «የየቡ ቡና» ተብሎ በራሱ ስም ወደ ውጭ እንዲሄድ ታጭቶ ነበር። የእርጥበት ልኬቱ ፋይሉ ላይ ሲታይ ግን ቡናው እርጥብ ነው ይላል። እርጥብ ቡና የሚያቀርብ ማኅበር ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ቡናው ከሌሎች ጋር በጋራ ክምር ላይ ይፈስሳል። ሊቀመንበሩም ሚዛን እንዲያነሣ ቡናውን አርጥቧል ተብሎ ገበሬው ፊት ሌባ ሆኖ ይቀራል።

ዙቤይዳ ነገሩን ስታጣራ ጥፋቱ የቡናው አልነበረም። ሁለት ሰዎች እኩል ሲያስገቡ አሮጌው ፋይል የአንዱን ልኬት በሌላው ስም ላይ ያሳርፋል። እርጥቡ ቡና የሰቃ ነበር። ተቀምጣ ፋይሉን አስተካከለች፤ የናሙናው መለያ ስላልጠፋ አዲሱ ፋይል እያንዳንዱን ልኬት ወደየባለቤቱ ይመልሳል። ቀሪው ሥራ አሮጌውን አንስቶ አዲሱን መተካት ብቻ ነው። የጥራት ኮሚቴው የሚቀመጠው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሁሉንም አስወጣች። የቡ ወጣ፣ ሰቃ ወጣ፣ ሒሳብ ክፍል እያማረረ ወጣ። የቀረው አንድ ስም ነው። አቶ ወንድወሰን አዲስ አበባ ግምገማ ላይ ናቸው፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ወደ ጸሐፊያቸው ወደ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ሄደች።

«እትዬ ሸዋረገጥ፣ የጋሽ ወንድወሰንን ልዘጋው ነው።»

«ተይ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገጥ፤ ቀና እንኳ አላሉም። «ሲመጡ እንደተውት ማግኘት አለባቸው። ምን ከፍተው እንደሄዱ በምን ታውቂያለሽ?»

«የገበሬ ስም ሊጠፋ ነው እኮ።»

«የደሬሳን ረሳሽው?»

አልረሳችውም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሺ» አለችና ወጣች። ከዚያ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሣህሉ ዘንድ ሄዳ የተስተካከለውን ፋይል ቅጂ በላፕቶፕ አሳየቻቸው። አቶ ሣህሉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ከአንቺ ላፕቶፕ የወጣ ነገር ማስረጃ አይሆንም» አሉ። «ሁላችንም የምንገባበት ፋይል ላይ ይታይ፣ ያኔ እንቀበላለን።»

«እንግዲያው ቡናው እንደገና ይለካ።»

«ለአንዱ ከለካን ሁሉም ይለካልኝ ይላል። መኪናው ደግሞ ቆሞ እየጠበቀ ነው።»

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ቁጥሩን ገብታ በእጅዋ መቀየር ትችላለች፤ ይህ ግን በዩኒየኑ ደንብ ከስርቆት አይተናነስም፣ ደግሞም አባቦራን ከእሷ ጋር ገደል መክተት ነው። የሰርቨሩን ገመድ መንቀል ትችላለች፤ ያኔ ግን ሥራ አስኪያጁን ያስወጣችው እሷው ትሆናለች። እንዲያው መብራት ቢጠፋና ጄኔሬተሩም ባይነሣ ብላ ተመኘች፤ መብራት ኃይልን ማንም አይገመግምም። በሌላ ቀን ሰው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሳያስጨርስ የሚጠፋው መብራት ያን ቀን ጸንቶ ዋለ።

አባቦራ ከጁምዓ ሶላት ቀጥታ መጥተው ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። በሯን ገርበብ አድርጋ ስትወጣ ቀና አሉ።

«እንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዴት ሆነ?»

«ትንሽ ይቆዩኝ አባቦራ። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ቶሌ፣ እሺ። እኔ የትም አልሄድም።»

ተመልሳ ተቀመጠች። የአቶ ወንድወሰን ስም ስክሪኑ ላይ አለ። ቀስቱን ስሙ ላይ አሳረፈች፤ ጣቷ ማውሱ ላይ ነው። በወይዘሮ ሸዋረገጥ ተናደደች፣ በአቶ ሣህሉ ተናደደች፣ ግድግዳ ላይ ያለ ማስታወቂያ በማያነቡት በሰቃዎች ሁሉ ተናደደች። ንዴቷ ቤቱን ሞልቶታል፤ ጣቷ ግን አልተንቀሳቀሰም። ደሞዟን ቤቷ ውስጥ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ያ መጋዘን ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። አንዴ ደግሜ ልደውልላቸው አለች፤ ስልኩ አሁንም ዝግ ነው። አንዴ ደግሜ ወይዘሮ ሸዋረገጥን ልለምን አለች፤ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ምሳ ሄደው አልተመለሱም። እንዲህ ስትል ስትል የስብሰባው በር ተከፍቶ ሰዎች ሲወጡ ሰማች። የአባቦራ ማኅበር ከዝርዝሩ ወጥቷል።

አባቦራ ከአግዳሚው ተነሡ። ኮፍያቸውን አስተካክለው ደረጃውን ወረዱ።

ዙቤይዳ ያኔ ነው የተጫነችው። በአቶ ወንድወሰን ስም ላይ ጠቅ አደረገች፤ ስሙ ጠፋ። አዲሱን ፋይል በአሮጌው ቦታ ተካችው፤ ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አልፈጀም። የየቡ ቡና ስክሪኑ ላይ ደረቅ ሆኖ ቁጭ አለ። እየሮጠች አቶ ሣህሉን ጠርታ አሳየቻቸው።

«አይ፣ ትክክል ነው» አሉ አቶ ሣህሉ ጎንበስ ብለው አይተው። «ግን እኮ ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል።» መጋዘን ሲደወል የየቡ ጆንያ ተፈትቶ ክምሩ ላይ መፍሰስ ጀምሯል። የተደባለቀን ቡና ደግሞ ማንም አይለየውም።

ቅዳሜና እሑድን እህል በአፏ ሳይዞር አሳለፈች። ለግምገማው የምትመልሰውን እያዘጋጀች ነበር፤ ከመጡብኝ የልቤን ነግሬያቸው እሄዳለሁ አለች። ሰኞ ጠዋት አቶ ወንድወሰን ገቡ። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ፊታቸው አመድ መስሎ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን ሰቅለው ተቀመጡ፣ የይለፍ ቃላቸውን አስገቡ፣ ትንሽ ነካካ ነካካ አደረጉ።

«ዛሬ ደግሞ ፈጠን ብሏል» አሉ። «ምን አድርገሽው ነው?»

«ዓርብ ዕለት ከሰርቨሩ አስወጥቼዎታለሁ» አለች ዙቤይዳ ቀስ ብላ። «ሳላስፈቅድ ነው። ፋይሉን ለመቀየር።»

«እ፣ ከፍቼው ነበር እንዴ የሄድኩት?»

«አዎ።»

«እንኳን ዘጋሽው። ታዲያ እንዲህ የሚፈጥን ከሆነ እስከ ዛሬ ምን ይዞሽ ነው?»

«ደሬሳ...» አለች ዙቤይዳ።

«የትኛው ደሬሳ?» አሉ አቶ ወንድወሰን። እየቀለዱ አልነበረም። ረስተውታል። አንድን ሰው ጨለማ ውስጥ ጥለው፣ ቢሮውን ሙሉ በፍርሃት አስረው፣ እሳቸው ግን ጉዳዩን ከሻይ ስኒያቸው ጋር አጥበው ረስተውታል። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ጠርጋ ብትጥል ደስ ባላት ነበር። ግን በማን ላይ? ሰውየው «አትንኪ» አላሏትም። አንድም ቀን አላሏትም።

በማግስቱ የቡ ሄደች። ከማኅበሩ ሰዎች ሰላምታዋን የመለሰላት የለም። አባቦራ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በእጃቸው እያገላበጡ አገኘቻቸው። ሳታለዝብ ነገረቻቸው፤ ልኬቱ የሌላ እንደነበር፣ ፋይሉን አስተካክላ እንደጨረሰች፣ የአለቃዋ ስም ስለነበረበት መንካት እንደፈራች፣ በኋላ ስትነካው ምንም እንዳልሆነ። እጃቸው ቡናው ላይ ቆሞ ሰሟት።

«ቡናችን ደረቅ ነበር ነው የምትይው።»

«ደረቅ ነበር።»

«እሱንስ እኔም አውቃለሁ።» አንድ የተሰነጠቀ ፍሬ ለቅመው ጣሉ። «ያ የምትነኪው ነገር፣ እንታላ ኮ፣ ከባድ ነው?»

«አይደለም አባቦራ። በጣት ነው።»

አባቦራ ቡናውን ማገላበጥ ጀመሩ። እሷን አላዩም።

«እኔ እኮ እዚያ አግዳሚ ላይ ሆኜ ለራሴ አልነበረም ዱዓ የማደርገው» አሉ። «ፊትሽን ሳየው፣ ይቺ ልጅ ወላሂ አቅሟ የማይችለውን ልታነሣ ነው፣ ያረቢ አግዛት እያልኩ ለአንቺ ነበር የምለምነው።»