ለአባባ እንዳይነገር

ባለፈው ሳምንት ነርሲንግ የምትማረው ልጄ፣ ተረኛ ለተረኛ በሽተኛ ሲያስረክብ እንዴት እንደሚነጋገር ክፍል ውስጥ በቪዲዮ እንደቀረጿቸው እራት ላይ ስታወራልኝ፣ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። "ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለች። ደህና ነኝ አልኳት። ደህና አልነበርኩም።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ሁዳዴ ገብቶ እንኳ የኮሎምበስ ከተማ በረዶ አልለቀቀም። ከእናቴ ሞት በኋላ ብቻውን ያሳደገኝ አባቴ ሆስፒታል ተኝቷል። ሐኪሞችና ነርሶች እንዴት እንደሚግባቡ የምታጠና አንዲት ሴት ካሜራዋን ይዛ ትከተላቸው ነበር፤ እኛም መቀረጹን ፈቅደናል።

የካንሰር ሐኪሙ፣ ኢስተን በሚባለው ሰፈር ሆቴል ሥራዬ ላይ ሳለሁ ደወለልኝ። በሽታው ጉበቱን ጨርሶታል፣ ከእንግዲህ መድኃኒት የለም አለኝ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝና ለጎረቤታችን ለእትዬ አልማዝ ደወልኩ።

"በል ስማ፣ እሱ እንዳይሰማ! ተስፋው የተቆረጠ ቀን ነው የሚሞተው። አሁኑኑ ነርሷን ኮል አድርጋት!"

ነርሷን ለመንኳት። ለተረኛው ሐኪም እነግረዋለሁ አለችኝ። እኔ ግን አላመንኩም። መንገዱ በረዶና ጨው ተደባልቆ ላቁጧል፤ መኪናዬ ይንሸራተታል፣ እኔ አለቅሳለሁ። "እመብርሃን፣ አፋቸውን ያዥልኝ!" እያልኩ ደረስኩ።

አባባ ጠዋት ያመጣሁለትን አጥሚት ፉት ይላል።

"ለፋሲካ ትወጣለህ አሉኝ" አለና ፈገግ አለ።

ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ እግዜርን አመሰገንኩ። ከዚያ ወዲያ ወሬያችን ሁሉ ፋሲካ ሆነ። በጉን ከየት እንደምንገዛ፣ ማንን እንደምንጠራ። በጉ ሙክት ካልሆነ ብሎ ተከራክሮኛል። ፋሲካ ሳይደርስ ሞተ።

ከአርባው በኋላ ያቺ አጥኚ ፊልሙን ለሠራተኞቹ ስታሳይ እኔንም ጠራችኝ። ነርሷ ኮሪደር ላይ አደራዬን ለተረኛው ሐኪም ስትነግረው ታየች። እሱ ጆሮው ላይ ስልክ ይዟል፤ ራሱን የነቀነቀው ለስልኩ ነበር። "የሰማኝ መስሎኝ..." አለች ነርሷ፣ አጠገቤ ሆና። ሐኪሙ አባባ ክፍል ገብቶ ሁሉንም ነገረው።

አባባ አጥሚቱን አስቀመጠ። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ "እባክህ ዶክተር፣ ልጄ እንዳይሰማ" አለ። "ገና ልጅ ነው፣ አይችለውም። ለፋሲካ እወጣለሁ እለዋለሁ።"

ዛሬ ሰዎች የታመመ ዘመድ ይዘው "ይነገረው ወይ?" ሲሉኝ ስለ አባባና ስለ በጉ አወራላቸዋለሁ። ሞትማ ለማንም አይቀርም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ፣ አብረን ስለማንበላው በግ እየተከራከርን፣ በዚያች ጠባብ ክፍል እሱም ብቻውን እኔም ብቻዬን መሰንበታችን ነው።