ክፍተት የሌለው ሳጥን

ባለፈው ማክሰኞ መምህራችን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «እነዚህ የጎን ቀዳዳዎች ለምን ይመስላችኋል?» ሲል ጠየቀን። እኔ እጅ በማውጣት የታወቅኩ ነኝ። አንደኛ ዓመት የገባሁት ዕድሜዬ ሠላሳን ካለፈ በኋላ ስለሆነ አብረውኝ የሚማሩት ልጆች «ኤዶ» ይሉኛል፤ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። መልሱን ባላውቀው እንኳ መምህሩ ዝም ባለ ክፍል ፊት ብቻውን እንዳይቆም ብዬ አወጣለሁ። የዚያን ቀን ግን መልሱን ከማንም በላይ እያወቅኩ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኩት።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባላት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከተማዋ ከፍርስራሿ ላይ እየተነሳች ነበር። በየመንገዱ ድንጋይ ይጠረባል፣ ሲሚንቶ ይቦካል፤ ጂላል በሚሉት የበጋ ወራት ደግሞ የግንባታው አቧራ ከነፋሱ ጋር ተደባልቆ በምንበላው ሩዝ ውስጥ ሳይቀር ጥርስ ላይ ይንቋቋል። እኛንም ከወሎ ያመጣን ይኸው ግንባታ ነው። አባባ አናጢ ነበር፤ ለፎቅ ቤቶች የሲሚንቶ ማፍሰሻ ሳንቃ ይመታ ነበር። አንድ ቀን መወጣጫው ከሥሩ ተሰበረና ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ወገቡ ግን አልተረፈም። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ሌሎች ሲሠሩ መዶሻቸውን ይሰማ ጀመር።

በዚያው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ሰዒድ ጠፋ። ታህሪብ ሄደ፤ በበረሃ አልፎ በባሕር የሚኬደው መንገድ ነው። ከሊቢያ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ በኋላ የለም። መሄዱን ያወቅንበት ጠዋት እማዬ የሰዒድን ላፕቶፕ አንስታ ከግድግዳው ጋር አላተመችው። «በዚህ ነው መንገዱን ሲያጠና የከረመው!» እያለች። ስክሪኑ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። ላፕቶፑ ከአልጋ ሥር ገባ።

ከወራት በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ሰዒድ በስልኩ የሚቀርጻቸውን ቪዲዮዎች ሁሉ የሚገለብጠው እዚያ ላይ ነበር። ስልኩ አብሮት ሄዷል። ስለዚህ የወንድሜ ፊትና ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው በዚያ የተሰበረ ዕቃ ውስጥ ብቻ ነበር።

ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ወደ ጉሌድ ወሰድኩት። ጉሌድ በጦርነቱ ጊዜ ጅጅጋ ተሰዶ የተማረ ስለሆነ አማርኛው ከእኔ ሶማልኛ ይሻል ነበር። ከፈታው በኋላ አንገቱን ነቀነቀ።

«የሞተው ስክሪኑ ነው፤ ልቡ ይሠራል። ስክሪኑን እንጣለውና ከቴሌቪዥን ጋር እናገናኘው። ቀፎውም ስለተሰበረ ሳጥን አሠሪለት። ግን ስሚኝ፣ ቪዲዮዎቹ ያሉበት ዲስክ ደክሟል፤ ሙቀት አይችልም። ከሥርና ከጎን ቀዳዳ ይኑረው። ቅዳሜ ሌላ ዲስክ ይመጣልኛል፤ ያኔ አምጪው፣ እገለብጥልሻለሁ።»

«ሳጥኑን አባቴ ይሠራዋል» አልኩት። እንዲህ ስል የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አልረሳውም።

አባባ ከወደቀ በኋላ መላጊያ ነክቶ አያውቅም ነበር። ከአንድ ግንባታ የተጣለ ሳንቃ ለምኜ አመጣሁለት። የደረቀውን ሲሚንቶ በቢላ ፋቀ፤ ከዚያ መላግ ሲጀምር ግቢው የእንጨት ሽታ ሸተተ። ለሦስት ቀን ስለ ወገቡ አላነሳም። እማዬ ሻይ ስታቀብለው «አንተ ሰውዬ፣ ለኮምፒውተር ነው ወይስ ለሙሽራ?» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ጉሌድ እንዳለኝ ቀዳዳዎቹ የሚበሱበትን ቦታ በእርሳስ ክብ ክብ አድርጌ ምልክት አደረግኩ። አባባ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው ዘይኔ?»

«አየር እንዲያገኝ ነው አባባ። ጉሌድ…»

«ወንፊት ሥራልኝ በይኛ! በዚህ አቧራ ላይ? የሐርጌሳ አቧራ እኮ ሳይንኳኳ የሚገባ እንግዳ ነው።» ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ክፍተት ያለው ሳጥን ሠርቼ አላውቅም። እጁም አብሮ ወደቀ እንዲሉኝ ነው?»

ፊቱን ሲያዞር የብርጭቆ ወረቀት አነሳሁና ክቦቹን አንድ በአንድ ፋቅኩ።

ሳጥኑ ሐሙስ አለቀ። አንድ ሚስማር የለውም፤ ጥርስ ለጥርስ የተነከሰ ነው፤ ገመዶቹ የሚወጡበትን ጠባብ ቦይ እንኳ በሰም ደፍኖታል። ክዳኑ ሲገጠም «ፉፍ» ብሎ አየር ተነፈሰ። አባባ ደስ አለው፤ ጥብቅ ሥራ የሚታወቀው በዚህ ነው አለ።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ እማዬ ሩዝ በፍየል ሥጋ ሠራች፤ በአገሩ ልማድ ሙዝ ከጎኑ አድርጋ። አባባ ቅዳሜን መጠበቅ አልቻለም። «ለልጄ ድምፅ ቀጠሮ ልያዝ?» አለ። ላፕቶፑን አብርቼ ክዳኑን ገጠምኩና ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። ሁለት የጎርፍ ቪዲዮ፣ አንድ የግመል፤ ከዚያ ሰዒድ የዒድ ልብሱን ለብሶ፣ ሙዝ እንደ ማይክራፎን ይዞ፣ እዚያችው ግቢ ውስጥ ቆሞ መጣ።

«ክቡራትና ክቡራን፣ ዛሬ ከታላቁ አናጢ ጋር ነን። አባባ፣ ሚስማር የምትጠላው ለምንድን ነው?»

በቪዲዮው ውስጥ ያለው አባባና ፍራሹ ላይ ያለው አባባ እኩል መለሱ፦ «ሚስማር የሰነፍ ሙጫ ነው!»

አባባ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሰዒድ ከት ብሎ ስቆ ሙዙን ወደ ሌላ ሰው አዞረ። «እማዬ፣ ላንቺ ደግሞ አንድ የምነግርሽ…»

ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ምስሉ ደረቀ።

«ምን ሊለኝ ነው?» አለች እማዬ። «ዘይነባ፣ ምን ሊለኝ ነው?»

ቴሌቪዥኑ ጠቆረ። አባባ እጁን ዘርግቶ ሳጥኑ ላይ አሳረፈና እንደ ሕፃን ግንባር ዳሰሰው። «ያተኩሳል» አለ ቀስ ብሎ። ክዳኑን ልከፍት ሞከርኩ፤ እንቢ አለ። ከሙቀቱ የተነሳ ጭራሽ ተነክሷል። በመሮ ፈልቅቄ ስከፍተው ከውስጡ ትኩስ አየር ፊቴን መታኝ፤ ዲስኩም ጣት እንደሚያንኳኳ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ነበር።

ቅዳሜ ጉሌድ ዲስኩን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ ሰማ። «ወላሂ፣ አልቋል» አለኝ። ስለ ቀዳዳው አልጠየቀኝም። ሳጥኑን አይቶ ነበር።

አባባ በመሮ የፈለቀቅኩትን ጠርዝ ጠገነው። የመጨረሻ ሥራው እሱ ሆነ። ወራት አልፈው የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ በነበረበት ቀን ጠራኝ።

«ቀዳዳው ነበር የጎደለው፣ አይደል?»

«አይ አባባ፣ ዲስኩ በፊትም የታመመ ነበር።»

«እርሳሱን ስትፍቂ አይቼሻለሁ» አለ። «ደግመሽ ማስመር ነበረብሽ።»

አባባ ከሞተ ቆይቷል፤ አላህ ይዘንለት። ሰዒድ አልደወለም፤ እማዬም የሚደውል አይመስላትም። ግን ሊነግራት የነበረው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች፤ በየጊዜውም አንድ አንድ ነገር እየፈጠርኩ እነግራታለሁ። እንዳታዝን ብዬ። ክቦቹን የፋቀው እጅ ያው ነው፤ ትምህርት ቤት ገብቼም አልተለወጠም።

ማክሰኞ ከክፍል ስመለስ ሳጥኑን ከመደርደሪያው አወረድኩት። የተጠገነው ጠርዝ የት እንደሆነ ጣቴ ሊለየው አልቻለም። ክዳኑ እንደ ድሮው እንቢ ብሎኝ ቆይቶ፣ «ፉፍ» ብሎ ተከፈተ። የሞተው ዲስክ እንዳለ ነው። እነዚያ ሁሉ ጂላሎች አልፈውበት፣ በውስጡ አንዲት ቅንጣት አቧራ የለም።