ለሰው አገር አምላክ ሽማግሌ የሆንኩበት

ሌላ ሰው እስኪያመሰግነኝ ብጠብቅ ዕድሜ አይበቃኝም፤ ራሴው ልጀምር። የቀለም ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን የለንደን አውቶቡስ እየነዳሁ፣ በእረፍቴ ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ ራሴን አስተማርኩ። በምኖርበት ሰፈር፣ ሰቨን ሲስተርስ ላይ፣ ታሪክ አዋቂ ከተፈለገ ሰው ወደ እኔ ይላካል። የማይልክ ካለ አላዋቂ ነው።

ከቤቴ ሥር አትክልት የሚሸጠው ሕንዳዊ ሽማግሌ ግን እኔ የማላውቀው ታሪክ ነበረው፤ የትውልድ ከተማው። ከተማ ሲላት አትመኑት። አንድ ገበያ፣ አንድ ቤተ መቅደስ፣ አንድ የሙስሊም ወሊ መቃብር፣ የቀረው የሸንኮራ አገዳ ማሳ ነው። የመቅደሱን አምላክ «እናት» ይሏታል። አዝመራ ሲገባ ምስሏን በትከሻቸው ተሸክመው ያዞሯታል። የምትለብሰውን ጨርቅ የሚያቀርበው ግን አንድ የሙስሊም ሸማኔ ቤተሰብ ነው። እነሱ ካላመጡላት ከደጅ አትወጣም፤ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው።

የዚያ ቤተሰብ ልጅ ደግሞ እዚሁ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው። የከተማዋ ተወላጆች እናትን በለንደን ሲያዞሩ ጨርቁን የሚያመጣው እሱ ነበር። አምና ግን መቅደሱ ይቀድማል ወይስ መቃብሩ በሚል ከአትክልት ሻጩ ጋር ተጣልቶ ቀረ፤ እናትም ሳትወጣ ከረመች።

ሻጩ ጉልበቱ እየከዳው ነበር። «ዘንድሮ ካልተሸከምኳት ከእንግዲህ አልችልም» አለኝ፣ ቲማቲም እየለየ።

«እኔ አስታርቃችኋለሁ።»

«አንተ ስለ እኛ ከተማ ምን ታውቃለህ?»

«እስከ ማክሰኞ ቼክ አድርጌ አውቃለሁ።»

ባለቤቴ ስትሰማ ሳቀችብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ሲከፈል ጋቢህን ተከናንበህ ተኝተህ፣ አሁን ለጣዖት ሽማግሌ ልትሆን? የንስሐ አባታችን ቢሰሙስ?»

«እሳቸው ድሮም እኔን አይሰሙም» አልኳት።

ልብስ ሰፊው ሱቅ ገብቼ እንደ አገሬ ሽማግሌ ቆምኩ። እሱ ሜትሩን ይዞ እግሬ ሥር ተንበረከከ።

«ሱሪህ ረዝሟል።»

«ሱሪዬን ተወው። ለእርቅ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ተቀመጣ።»

«በእኛ አገር ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም።»

ደንበኛ ገባ፣ ወጣ፤ እኔ እንደ ምሰሶ ተገትሬያለሁ። በመጨረሻ ሰለቸውና ታሪኩን ነገረኝ። ወሊው መጥቶ በትሩን ቢተክል ዛፍ ሆነ፤ መቅደሱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሻጩ የነገረኝ ደግሞ ሌላ ነው። ገበሬ ሲያርስ ማረሻው ድንጋይ መታ፣ ድንጋዩ እናት ሆና ተገኘች፤ ወሊው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

«ወሊው ሲደርስ ምን ጠጣ?» አልኩት።

«የከተማችንን ጉድጓድ ውሃ ነዋ።»

እዚያው ቆሜ ለሻጩ ደወልኩ። የገበሬው በሬዎችም የጠጡት ከዚያው ጉድጓድ ነው አለኝ።

«እንግዲያው ፈረድኩ» አልኩ። «የሚቀድመው ጉድጓዱ ነው። ገበሬ አስቀድሞ ውሃ ይፈልጋል። አምላክም ወሊም የሚመጡት እሱ ጠጥቶ ሲያርፍ ነው።»

ልብስ ሰፊው መርፌውን አስቀመጠ። «ይህን ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ለዚህ ነው ትክክል የሆነው።»

«እሺ በቃ፣ ጨርቁን አመጣለሁ። አሁን ተቀመጥ።»

በሰልፉ ቀን ልብስ ሰፊው ቀይ ጨርቁን ራሱ ይዞ እናት ወደምትቀመጥበት አዳራሽ መጣ። ሻጩ ተቀበለው፤ ወዲያው በጠርዙ ስፌት ይከራከሩ ጀመር። እናትን አልብሰው መጋረጃው ሲገለጥ እኔ አቀርቅሬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እኛ ዘንድ ታቦት ተሸፍኖ ይወጣል እንጂ ለዓይን አይሰጥም። ሻጩ አገጬን ይዞ ቀና አደረገኝ።

«እያት እንጂ ወንድሜ። የወጣችው ለመታየት ነው፤ ዓይንህን ከጨፈንክ ትቀየማለች።»

አየኋት። ከባለቤቴ በቀር እንዲያ ያፈጠጠብኝ የለም።

ሻጩ ትከሻውን ከመሸከሚያው ሥር አስገባ፤ ልብስ ሰፊው ክንዱን ደግፎት ወጡ።

እንግዲህ ያከናወንኩት ይህ ነው። ሁለት ግትር ሰዎች አስታርቄያለሁ። ረግጫት በማላውቃት ከተማ ታሪክ ላይ ፈርጄያለሁ፣ ይግባኝ ያለም የለም። ለሰልፉ ስል አውቶቡስ በእጄ አስቁሜያለሁ፤ ሹፌሩ ጥሩምባውን ቢነፋ «ይህን መስመር ስነዳ አንተ አልተወለድክም» ብዬ ዝም አሰኝቼዋለሁ። ባለቤቴን ከነነጠላዋ ከሰልፉ ኋላ አስከትያለሁ፤ እሷ ዳቦ ልትገዛ እንደወጣች ትናገራለች። ሻጩም እናትን ከአዳራሹ እስከ መንገዱ ጫፍ ተሸክሟታል፤ ይህንንም ከእኔ ሥራ እቆጥረዋለሁ።