የእናቴ ኩልና የሐጂ ፒካፕ

በ1983 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ከዓሰብ ወጣን። ሌሊቱን ስንቋጥር አድረን ጎህ ሲቀድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን። የልጆቼ አባት መካኒክ ነው፤ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ አንዲት እርሳስ የምታክል የብረት ዘንግ ብቻ መርጦ ያዘ። እኔ የጸሎት መጽሐፌን፣ ዳዊቴን፣ ያዝኩ። እናቴ "ከአባትሽ መቃብር አልርቅም" ብላ ቀረች። በእጇ የፈጨችውን ኩል በትንሽ ብልቃጥ ሞልታ ሰጠችኝ። ይህን የምጽፈው ከኛ ጋር ለወጡትና እዚያ ለቀሩት ነው።

መንገድ ላይ አንድ ፈታሽ ዘንጓን አገኘ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"መለኪያ ነው" አለው ባለቤቴ።

"ምን ይለካል?"

"የሞተር ዕቃ።"

"ሞተሩስ የታለ?"

"አልያዝኩም።"

ፈታሹ ዘንጓን መለሰለትና ለጓደኛው "ሰው ወርቁን ይዞ ይሰደዳል፣ ይሄ ብረት ይዞ" አለው።

ጋራዥ ይበዛበታል ሲሉ ሰምተን ሐዋሳ ገባን፤ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየን። ዓሰብ አልጋ ውጭ አውጥተን ነበር የምንተኛው። እዚህ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልጆቼ ጉያዬ ይገባሉ። ሐይቁ ዳር ሰዎች ዓሣ በጥሬው በዳጣ፣ በሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ፣ ሲበሉ አይቼ አማተብኩ። ልጆቼ ውሃውን ቀምሰው "እማዬ፣ ይሄ ባሕር ጨው የለውም" አሉኝ። አከራያችን የሲዳማ ሴት ናቸው፤ አማርኛዬ ቢፈጥንባቸውም ትኩስ ቆጮ እየላኩ አሰነበቱን። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ልጆቼን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የቀበሌ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለወረቀቱ ደግሞ ዋስ። ምዝገባው ሊዘጋ ሳምንት ቀርቶታል።

"ዋስ አለሽ?" አለኝ የቀበሌው ጸሐፊ።

"እግዚአብሔር አለ።"

"የዚህ ቀበሌ ነዋሪ ነው?"

ወረፋ የቆሙት ሳቁ።

"አዎ" አልኩት።

"እንግዲያው ይዘሽው ነይ፣ ይፈርም።"

ባለቤቴ በሙከራ የገባበት ጋራዥ ውስጥ የሐጂ ከድር ፒካፕ ቆሞ ነበር። ሐጂ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቆ ቴስታታው፣ ማለት የላይኛው ክዳኑ፣ ስለ ጎበጠ ፊቱ እንዲስተካከል ተልጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪናው ያንኳኳል፣ ጉልበት የለውም፣ ቫልቭ ይበላል። መካኒኮቹ ከክዳኑ ሥር የሚገባውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ደርበው ከፍ ሊያደርጉት ሞከሩ፤ ውሃ ማፍሰስ ጨመረ እንጂ አልዳነም።

"ቴስታታው ሲላግ አጥሯል" አላቸው ባለቤቴ ለሐጂ። "ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች፣ ፑሽሮዶቹ፣ ግን ድሮ እንደነበሩ ናቸው። አሁን ረዝመውበታል።"

ሐጂ ዋስ እንደምንፈልግ ሰምተው ነበር። "ይህን ካዳንክልኝ ዋስ እሆንሃለሁ። እጁን ላላየሁት ሰው ግን አልፈርምም።"

በነጋታው ባለቤቴን ወባ ጣለው። ብርድ ልብሱ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ "አንቺ ሂጂ" አለኝ። "ዓሰብ መብራት ስትይዥልኝ አይተሽ የለም? ፑሽሮዱ የሚያነሣው ብረት፣ ሮከሩ፣ የቫልቩን አናት መሃሉን መጫን አለበት። ጠርዙን ከተጫነው ወደ ጎን እየገፋ ያስበላዋል። አናቱን ቅቢው፤ ሞተሩን በእጅ አዙሪው፤ ከዚያ ፍቺና ምልክቱ የት እንዳረፈ እዪ።"

"በምን ልቀባው?"

 ዓይኑን ብልቃጡ ላይ ጣለ። ከእናቴ የቀረኝ እሱ ብቻ መሆኑን ያውቃል።

ጋራዡ ውስጥ ብልቃጡን ስከፍት የመካኒኮቹ አለቃ ሥራውን አቆመ።

"ሐጂ፣ መኪናዎን ሊኩሉልዎት ነው።"

"ሽማግሌ ሳይላክ?" አለ ሌላው።

"ተዉ እናንተ" አሉ ሐጂ። "ሙሽራው ከተነሣ እኔ እድረዋለሁ።"

በልቤ አባታችን ሆይ ደገምኩ። የባለቤቴ ዘንግ መሃሏ ላይ ተቆርጣ ጥርስ የወጣላት ፑሽሮድ ናት፤ ሲያጠብቋት ታጥራለች፣ ሲያላሏት ትረዝማለች። መጀመሪያ በአሮጌዎቹ ልክ አስገባኋት። ኩሉ የተፋቀው ጠርዙ ላይ ነበር። ጠረግኩ፣ ግማሽ ዙር አሳጠርኩ፣ እንደገና ኳልኩ። ምልክቱ ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ። እንዲህ እያልኩ ደጋገምኩት። ኋላ ማንም አልቀለደም፤ አለቃውም መጥቶ ሞተሩን ያዞርልኝ ጀመር። ብልቃጡን ገልብጬ የመጨረሻውን በጣቴ ጠርጌ ስቀባ ምልክቱ መሃል ላይ አረፈ፣ እንደ ክር ቀጥኖ።

"ይኸው" አለ አለቃው ቀስ ብሎ።

ዘንጓንና አንዱን አሮጌ ፑሽሮድ በነጠላዬ ጠቅልዬ ለባለቤቴ አመጣሁለት። ቀና ብሎ ከአሮጌው ፑሽሮድ ጋር አስተያያት። "በዚህ ልክ ይቆረጡ" ብሎ ተመልሶ ተኛ። ብረት የሚቆርጡት ቶርኖ ቤት ሁሉንም አሳጠሯቸው። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ተገጠመ፤ ሐጂ ራሳቸው እየነዱ ታቦር ተራራ ሥር ያለውን አቀበት ወጥተው ተመለሱ። ሞተሩን ሳያጠፉ ወርደው አዳመጡት።

"ልጄ፣ ነገ ጠዋት ቀበሌ እገኛለሁ" አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።

በማግሥቱ ጠዋት ባዶውን ብልቃጥ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሄድኩ። ጸሐፊው ሐጂን ሲያይ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው።

"ዋስሽ እሳቸው ናቸው?"

"የላካቸውም አለ።"

አልሳቀም። ሐጂ ፈረሙ። ጸሐፊው የባለቤቴን፣ የእኔን፣ የልጆቼን ስም ጻፈ።

"የቀረ ሰው አለ?"

"እናቴ።"

"የት ናት?"

"ዓሰብ።"

"እህቴ፣ የሌለ ሰው አይጻፍም።"

"ይገባኛል። አንድ መስመር ብቻ ይተዉልኝ።"

ጸሐፊው ሐጂን አየ። ሐጂ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ጸሐፊው ከትንሿ ልጄ ስም ሥር አንድ መስመር ዘለለና ማኅተሙን ከዚያ በታች መታ። እኔም አመስግኜ ልጆቼን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ።