አባቴ ያልሰሙት ጥሪ

አባቴ በስተርጅና ጆሯቸው እምቢ አለ። መርሳ ገበያ ማንጎና ብርቱካን ሲሸጡ፣ ገዢው በጣቱ እያሳየ ነበር የሚያነጋግራቸው። አልተማረሩም፤ የሐሜቱን ድርሻ ተገላገልኩ እያሉ ይስቁ ነበር።

ጦርነቱ ሲቃረብ ከተማው አንድ ጠዋት ተነቅሎ ወደ ውርጌሳ መንገድ ወጣ። እኔ እናቴን ደግፌ ስሄድ፣ አባቴ አህያችንን እየነዱ ጥቂት እርምጃ ቀድመውን ነበር። ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው አስፋልቱን ትታችሁ በግራ በኩል ወደ እርሻው ውረዱ እያለ ደጋግሞ ተናገረ። ሕዝቡ እየተገፋፋ ታጠፈ፤ እኛንም ይዞን ወረደ። አባቴም የታጠፉ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል አህያዋም እሳቸውም የሉም። ልመለስ ብል የሚመጣው ሰው አላሳልፍ አለኝ። ጮኼ ተጣራሁ። እንደማይሰሙ ትዝ ያለኝ ድምፄ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ፣ የገበያ ሰው ቤታችንን ጠቁሞት አንድ የውርጌሳ ገበሬ አህያችንን እየሳበ መጣ። እንደነገረን፣ አባቴ ያን ጊዜ በጣም ደክመው እሱ ደጅ ደርሰው ነበር። ውሃ ሰጣቸው፣ አስተኛቸው፤ በማግስቱ አረፉ። የመንደሩ ሰው ጀናዛቸውን ሰግዶ ቀበራቸው።

አምና ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ባለሙያዎች መጡ። በአደጋ ጊዜ ለሚሸሽ ሕዝብ መንገድ የሚመራ፣ እንደ ሰዓት በሁለቱም እጅ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ሊሞክሩ ነው። የቀኙ እንደ ስልክ ቫይብሬት ሲያደርግ ወደ ቀኝ፣ የግራው ሲያደርግ ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው እየሳቁ ሜዳውን ዞሩት። እኔም አስሬው ነበር፤ ግን ግራ እጄ ላይ ንዝረቱ ሲሰማኝ እግሬ አልንቀሳቀስ አለ።

ከባለሙያዎቹ አንዷ አመመዎት ወይ ብላ ጠጋ አለች።

«ጆሮው የማይሰማ ሰው ይጠቀምበታል?» አልኳት።

«ከሁሉ በፊት የታሰበው ለእነሱ ነው።»

ሙከራው ሲያልቅ መሣሪያዎቹን በካርቶን ሰብስበው ሄዱ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት፤ እንዴት እንደሚሠራም እጇን ይዤ አሳየኋት።

«ዓይኔን ከእሳቸው ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«እኔም አብሬሽ ነበርኩ ልጄ» አለችኝ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚያ መንገድ ተነጋግረን አናውቅም ነበር። እጇን ሳልለቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የዓስር አዛን ሲሰማ ደግፌ አስነሳኋት።